ባዶ ነው የተባለው ታንክ

ረቡዕ፣ ነሐሴ 6

ከተሳቢው ሥር ችቦ አገኘሁ። ጠዋት ሸራውን ገለጥ አድርጌ ባይ አሥራ አንድ እስር አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድሮ የጋዝ ታንኩን ሆድ ሊነካ ምንም አልቀረው። ብርቄ፣ አሥራ አንድ ብለሽ ጻፊ። ቆጥሬዋለሁ። መቁጠር አያቅተኝም፤ ያልተማርኩት መጻፍ ነው።

የምትጽፈው ልጄ ብርቄ ናት። አምስት ዓመት ኩዌት ሰው ቤት ሠርታ ባለፈው ሚያዝያ ተመለሰች። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ይጻፍልኝ ያልኩት፣ ኋላ አንድ ነገር ቢመጣ "አያ ፈንታ አይቶ ዝም አለ" እንዳልባል ነው። እንዳታሳምሪው ብያታለሁ። እንዳልኩት ይቀመጥ።

ተሳቢው የመንገድ ሥራ ድርጅት ንብረት ነው። ሁለት ጎማ አለው። ሬንጅ የሚቀልጥበት ትልቅ በርሜል ተጭኖበታል፣ ከበርሜሉ ኋላ ደግሞ በሬ የሚያህል ነጭ የጋዝ ታንክ አለ። ሬንጁን የሚያቀልጠው የጋዙ እሳት ነው። ክረምት ሲገባ አስፋልት አይሠራምና ከቤቴ ጓሮ አቁመውት ሄዱ። ጠባቂው እኔ ነኝ።

ከጓሮዬ በታች ሜዳው ነው። ከሜዳው ማዶ ቤተ ክርስቲያን። የቡሄ ችቦ የሚበራው እዚያ ሜዳ ላይ ነው፣ ነሐሴ አሥራ ሁለት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። ስድስት ቀን ቀረው።

ችቦውን ያስቀመጠው ጎረቤቴ ሞላ ነው፤ ዘንድሮ የሰፈሩን ችቦ የሚያሰባስብ እሱ ነው። ጠራሁት።

"ይህን ማን አስቀመጠ?"

"እኔ ነኝ አያ ፈንታ። ዝናቡ መች ያርፋል? በዚህ ሰፈር ደረቅ ቦታ ያለው አንቱ ጋ ብቻ ነው።"

"አውጣ። ጋዝ ነው።"

"ባዶ ነው ብለው የነገሩን ራስዎ አይደሉ?"

እውነቱን ነው። እኔ ነኝ የነገርኳቸው። ይህንንም ጻፊ።

ራሴ አውጥቼ ከማገዶ ቤቱ ጥግ አቆምኩት። ጉልበቴ አሞኛል። ማታ ላይ ሳይ ተመልሶ ገብቷል። አሁን አሥራ ስድስት ሆኗል።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 7

ዛሬም አስወጣሁ፣ ዛሬም አስገቡ። የሞላ እናት ከአጥር ማዶ ሆና፣ "አያ ፈንታ ተሳቢውን ልጁ አደረገው፤ ችቦውን ዝናብ ሊያስመታብን ነው" ስትል ሰማሁ። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። ደንቁሮ ነው ይበሉ።

ጌታሁን የሚባል መካኒክ ነበር፣ የባሕር ዳር ልጅ። አምና ይህን ተሳቢ ሲያንቀሳቅስ የነበረው እሱ ነው። ወደ ሌላ ሥራ ሄደ። ሳይሄድ አንድ ቀን ይዞኝ በታንኩ ዙሪያ አዞረኝና ሕጉን ነገረኝ። ፊደል ስለማልለይ በቃል ነው የያዝኩት፣ ልክ ጸሎት እንደሚያዝ። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። በአራተኛው እኔ እሱን አስደገምኩት። ጻፊው፣ ይሄውና፦

እሳት የሚይዝ ጋዝ የጫነ ነገር አራት ፊት አለው። ፊቱ፣ ኋላው፣ ግራው፣ ቀኙ። ምልክቱ በአራቱም ይሰቀላል፤ ሰው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅምና። ቀይ ነው፣ እሳት ተስሎበታል፣ በጫፉ ይቆማል እንጂ እንደ ሣጥን አይቀመጥም። ሸራ አይሸፍነው። ጭቃ አይሸፍነው። ሌላ ማስታወቂያ አጠገቡ አይለጠፍ። ቀለሙ ከለቀቀ ይቀየራል። ታንኩ ባዶ ነው ቢባልም እንኳ ውስጡ ታጥቦ፣ ተናፍሶ፣ ጋዙ ማለቁ እስኪረጋገጥ ምልክቱ አይወርድም።

ይህች የመጨረሻዋ አልገባችኝም ነበር። "ባዶ ከሆነ ምን ያስፈራል?" አልኩት።

"አያ ፈንታ፣ የጠላ ጋን ተገልብጦ ሲያልቅ ሽታው ይሄዳል?"

"አይሄድም።"

"ይሄም እንደዚያ ነው። ልዩነቱ የዚህ ሽታው ይነዳል።"

ብርቄ ይህን ጽፋ ስታበቃ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና፣ "ታዲያ አባ፣ እነዚያ ምልክቶች የታሉ? ታንኩ ላይ አንድም አላየሁም" አለችኝ።

ደክሞኛል አልኳት። እውነትም ደክሞኛል።

ዓርብ፣ ነሐሴ 8

ብርቄ ሽምብራ ቆሎ ይዛልኝ መጣች። የፍልሰታ ቅዳሴ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚያልቀው፤ እስከዚያ እህል አልቀመስኩም ነበር። ከጓሮው ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች።

"የምን ሽታ ነው?"

"አይጥ ሞቶ ነው። አራት ቀኑ ነው።"

"አይጥ አይደለም አባ። ጋዝ ነው።"

እንደ በሰበሰ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። አራት ቀን ሙሉ የሞተች አይጥ ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከሸራው ሥር እየተንፏቀቅኩ። ከችቦው መሃል።

ብርቄ ቆሎውን ለእኔ ሰጥታ የልብስ ሳሙና በጣሳ ውሃ መታች። አረፋውን በጨርቅ አድርጋ የታንኩን አንገት፣ መክፈቻው ያለበትን፣ ቀባችው። ቆመን አየን። አረፋው እንደ ሕፃን አፍ ተነፋ፣ ፈነዳ። ደግሞ ተነፋ።

"አየህ?" አለችኝ። "ኩዌት በየሳምንቱ የማደርገው ይሄን ነበር። እመቤቲቱ አታምነኝም ነበር፣ እኔ ሲሊንደሩን አላምነውም ነበር።"

እንዝጋው ብዬ እጄን ሰደድኩ። መዝጊያው እጀታ የለውም። እንዳይሰረቅ ብለው ነቅለው ወስደውታል።

ደረጀ ጋ አስደወልኳት። ደረጀ የድርጅቱ የሥራ ቦታ ኃላፊ ነው፤ ተሳቢውን እኔ ጋ ያቆመው እሱ ነው።

"ደረጀ፣ ታንኩ ይተነፍሳል።"

"ባዶ ነው አላልኩዎትም አባት?"

"ባዶ ከሆነ አረፋውን ማን ነፋው?"

"ትንሽ ተረፈ ነገር አይጠፋም። ሸራውን ያልብሱትና ዝም ይበሉ። መስከረም ሲጠባ እመጣለሁ።"

"ማክሰኞ ችቦ ይበራል።"

"የት?"

"ሃምሳ እርምጃ። ቁልቁል።"

"ጠባቂው እርስዎ ነዎት፤ ይጠብቁ" ብሎ ዘጋው።

ሸራውን ገፍፌ ጣልኩት። ነፋስ ይግባበት። ችቦውን ደግሞ በሙሉ፣ ሃያ ደርሶ ነበር፣ ተሸክሜ ሞላ በር ላይ ከመርኩት። ዝናብ ይመታው ነበር። ይምታው።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 9

ይህን ዛሬ ካላልኩት አልለውም።

ምልክቶቹ እኔ ቤት ናቸው። ሦስቱ ከአልጋዬ ሥር፣ አንዱ የዶሮ ቆጥ መዝጊያ ሆኗል። ፈትቼ ያወረድኳቸው እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ በሐምሌ።

ደረጀ ነው ያዘዘኝ። "ምልክቱ ካለ የቀበሌ ሰዎች ከሰው ቤት አጠገብ አታቁሙ ይሉናል። ከሌለ ተራ ብረት ነው" አለ። የቡሎን መፍቻ ቁልፍ ሰጠኝ። ጌታሁን የነገረኝ ቃል እዚህ ደረቴ ላይ ነበር፣ አንድም ሳትጎድል። እያወቅኩ ፈታሁ። ለምን እንደሆነ ብርቄ ጠየቀችኝ። ጻፊው፦ መሬቱን ለልጆቼ ካካፈልኩ ወዲህ ሰው ምክር የሚጠይቀኝ በለቅሶ ቀን ብቻ ነበር። ጠባቂ ስባል ካፖርት ሰጡኝ። መንገደኛ፣ "ይህ የማነው?" ሲል፣ "በእኔ እጅ ነው ያለ" እላለሁ። ያችን ቃል ወደድኳት። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ብርቄ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጎንበስ ብላ ከአልጋዬ ሥር አወጣቻቸውና አቧራቸውን በነጠላዋ ጠረገች። ከእሳቱ ሥዕል ላይ ያለውን ቁጥር አነበበችልኝ። አንድ፣ ዘጠኝ፣ ሰባት፣ ስምንት። እኔ የተሠራበት ዘመን መስሎኝ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ፣ "ከሰባ ሰባቱ ረሃብ በኋላ የተሠራ ነው፣ ገና ጠንካራ ነው" ስል ኖሬያለሁ። የጋዙ መለያ ቁጥር ነው አለችኝ። ይሁን።

ዶሮዎቹን ሌላ መዝጊያ ሠራሁላቸው።

እሑድ፣ ነሐሴ 10

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሳይበተን ከዋርካው ሥር ተነስቼ ቆምኩ። ቄስ አድማሱ፣ "ምነው አያ ፈንታ?" አሉኝ። የንስሐ አባቴ ናቸው፣ በዕድሜ ግን እኔ እበልጣቸዋለሁ።

"የማክሰኞው ችቦ ከዚያ ሜዳ ይነሳ" አልኩ።

ጉምጉምታ ተነሳ። አንዱ፣ "ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ የበራው እዚያ ነው" አለ። ሌላው፣ "የደብረ ታቦር ሰው ቡሄን ቦታ ቀየረ ሊያስብለን ነው" አለ። ታንኩ እንደሚተነፍስ፣ ጋዙ ወደ ሜዳው እንደሚወርድ ነገርኳቸው።

ሞላ ሳቀ። "አያ ፈንታ፣ ጋዝ እንደ ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄድ። እግዜር ይይልዎ፣ ሽቅብ ነው።"

"አንተ ልጅ፣ ጠዋት ጠዋት ከጉና ተራራ የሚወርደውን ጉም አይተህ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"የት ይተኛል?"

"ጎድጓዳው ላይ።"

"ይሄም እንደዚያ ነው። ጎድጓዳ ይፈልጋል። በእኛ ሰፈር ጎድጓዳው ያ ሜዳ ነው። ጉሙን ታየዋለህ፤ ይሄን አታየውም።"

አንዳንዶቹ ዞረው ሜዳውን አዩ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ከዚያ ሞላ ሲያስብ ቆይቶ፣ "እንዲህ አደገኛ ከሆነ ምልክት ይኖረው አልነበረም? ከተማ ውስጥ የጋዝ መኪና ሁሉ ምልክት አለው። የዚህ የታለ?" አለ።

የፈራሁት መጣ። ሰባ ዓመት እዚህ ደብር ቆሜያለሁ። ሰው አስታርቄያለሁ፣ ድንበር ለይቻለሁ፣ "የፈንታ ቃል ነው" ሲባል ነገር ይቆም ነበር። ዋሽቼ፣ "ድርጅቱ ነው ያወረደው" ማለት እችል ነበር። ግማሽ እውነትም ነበረው።

"ነበረው" አልኩ። "እኔ ፈታሁት። እያወቅኩ። ባዶ ነው ብዬ የዋሸኋችሁም እኔ ነኝ።"

የሞላ እናት፣ ምላሷ መቼም አያርፍም፣ "ታዲያ ትናንት እየዋሸህ ዛሬ እውነት መናገርህን በምን እንወቅ?" አለችኝ። አንተ ብላ። በሰው ፊት።

"ዛሬ የምናገረው እኔን ነው የሚጎዳኝ። በዚያ እወቂ" አልኳት።

ሰዎቹ ግን አልተረቱም። ችቦው አይነሳም፣ አይነሳም አሉ። ይሄኔ ቄስ አድማሱ መቋሚያቸውን መሬት መታ አደረጉ።

"ችቦው ቦታውን አይለቅም" አሉ። "የአባቶች ነው። ተሳቢው ግን ማን ወልዶ ማን አሳድጎት ነው እዚህ የተተከለ? እንግዳ ነው። እንግዳ ይነሳል።"

"በምን አባ? መኪና የለን" አለ ሞላ።

"በሬ የለህም?"

ሳቅ ሆነ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ይቻላል። ጎማውን ጭቃ በልቶታል እንጂ ይቻላል።

ሰኞ፣ ነሐሴ 11

ደረጀ ሰምቷል። ማን እንደነገረው አላውቅም። ጠዋት ደወለ።

"አባት፣ ተሳቢውን በበሬ ልትጎትቱ ነው የሚሉኝ፣ ቀልድ ነው አይደል?"

"ነገ ጠዋት።"

"የድርጅት ንብረት ነው። ማን ፈቀደላችሁ?"

"ሲያቆሙት ማን ፈቀደ?"

"ይስሙኝ። ከቦታው አንድ እርምጃ ቢነቃነቅ ከሥራ ወጥተዋል። ሌላ ጠባቂ አላጣም። ካፖርቱንም ይመልሳሉ።"

"ካፖርቱን ዛሬ ውሰደው" አልኩት። ብርቄ፣ አንተ ብዬ እንደነገርኩት ጻፊ። እስከዛሬ አንቱ ስለው ነበር። ከእንግዲህ አልለውም።

ዘጋው። ካፖርቱን አጥፌ ከደጃፍ መደብ ላይ አኖርኩት። በረደኝ። ጋቢዬን ደረብኩ።

ከሰዓት በኋላ ምልክቶቹን ልንሰቅል ወጣን። የዶሮ ቆጡ ቆርቆሮ ጠምሟል፣ ኩስም ነበረበት። ብርቄ በአመድ አሸችው። ቡሎኖቹ ዝገዋል። ኑግ ዘይት አጠጣኋቸው።

ሞላ ሳይጠራ መጣ። ከትናንት ወዲህ ቀና ብሎ አያየኝም። ቁልፉን ከእጄ ወሰደና፣ "አንቱ ይቀመጡ፣ የኋላውን እኔ እሰቅላለሁ" አለ። እኔ ከግራ በኩል ሆኜ ስሠራ እሱ ጨርሶ፣ "አያ ፈንታ፣ የቀድሞዎቹ አጣመው ሰቅለውት ነበር፣ ቀዳዳው ሁሉ ዘወር ያለ ነው። እኔ አቃናሁት" አለኝ።

ሄጄ አየሁ። እንደ መስኮት አራት ማዕዘን አድርጎ ቀጥ አድርጎታል። አዲስ ቀዳዳ በሚስማር በስቶ።

"ፍታው" አልኩት።

"ምነው? ያማረ ነው።"

"አንተ ልጅ፣ ካማረ ማን ያየዋል? በዚህ አገር በር ሁሉ፣ መስኮት ሁሉ፣ ሣጥን ሁሉ እንዲህ ነው የሚቆም። ይሄ ብቻውን በጫፉ ነው የሚቆም፤ ዓይን እንዲወጋ ነው።"

ፈታው። በጫፉ አቆመው። ወደ ኋላ ሃያ እርምጃ ሄዶ አየና፣ "እውነትም ይወጋል" አለ። ይህች ትንሽ ድል ናት፣ ጻፊልኝ።

ሦስቱ ተሰቀሉ። የፊቱን ነገ ከበሬው ጋር እናየዋለን አልን። ሳይሰቀል እንደማላንቀሳቅስ ለሞላ ነግሬዋለሁ። "አራት መቶ እርምጃ ነው እኮ አያ ፈንታ፣ ማን ያየናል?" አለኝ። አንድ ጊዜ ማን ያየናል ብዬ ፈትቻለሁ፤ ይበቃኛል።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 12

ሦስት ጥማድ በሬ መጣ። ሁለቱ የሞላ፣ አንዱ የቄስ አድማሱ ወንድም። ብርቄ ከአጥሩ በር ላይ እንቅብ ይዛ ቆመች፤ ስልክ ያለው ስልኩን፣ ክብሪት ያለው ክብሪቱን እዚያ ሳያስቀምጥ አያልፍም። ከአንዱ ትልቅ ሰው ኪስ ሲጋራም ወጣ። ማን እንደሆነ አላስጽፍም፣ በጾም ነው።

ነፋስ እስኪነሳ ቆየን። የጎማውን ጭቃ በዶማ ሳይሆን በእጃችን ጠረግነው፤ ብረት ድንጋይ ሲነካ ብልጭ ይላልና። ሰንሰለቱን በእርጥብ ጆንያ ጠቀለልን። ለበሬዎቹ ሦስቱን ቀንበር አከታትለን ጠመድን።

የፊቱን ምልክት ሰቀልኩ። ዞር ብዬ ከፊት አየሁት። አይታይም። ስድስት በሬ ከፊቱ ቆሞ የሚታየው የበሬ ቂጥ ነው።

ሞላ፣ "በቃ አያ ፈንታ፣ ሦስቱ ይታያል" አለ። ሰው ሁሉ ደክሞት ነበር፣ ጾምም ነው። "አራት ነው" አልኩ። ፈታሁት። በቀዳዳው ገመድ አስገብቼ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት፣ በጫፉ፣ ደረቴ ላይ። ከመጀመሪያው ጥማድ ፊት ሃያ እርምጃ ቀድሜ ቆምኩ። ሴቶቹ ሳቁ። የሞላ እናት፣ "አያ ፈንታ ራሱ ጋዝ ሆነ" አለች። ደረቴ ላይ ያለውን እያዩ ግን ልጆቻቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። አየኋቸው።

ሞላ፣ "ና በሬ" አለ። ተሳቢው ተነቃነቀ።

የምንወስደው ከአፋፉ ማዶ ነው፤ ቁልቁለቱ ሰው ወደማይኖርበት ገደል የሚወርድበት። ግማሽ መንገድ ደህና ሄድን። ከሜዳው ጫፍ ስንደርስ ከማዶ ጅራፍ ጮኸ። የቡሄ ዋዜማ ነው፣ ልጆች ከጠዋት ጀምሮ ጅራፍ ያጮሃሉ፤ ማናችንም አላሰብነውም። ችቦውን አሰብን፣ ክብሪቱን አሰብን፣ ጅራፉን ረሳን። አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ሁለተኛ ጮኸ። የፊተኞቹ በሬዎች ጆሯቸውን አቁመው ወደ ግራ ዞሩ፣ ወደ ቁልቁለቱ፣ ወደ ሜዳው። ተሳቢው ባንድ ጎማው ተነሳ። ታንኩ ሲንቋቋ ሰማሁ።

የሸሸ ሰው የለም አልልም። ሸሽተዋል። እኔ እሸሻለሁ ብልም ጉልበቴ አይሸሽም። ዞሬ ወደ በሬዎቹ ሄድኩ። የግራውን በሬ ቀንዱን ያዝኩና ስሙን ጠራሁት፤ ዳማ ይባላል፣ ጥጃ ሆኖ እኔ ነኝ ለሞላ አባት የሸጥኩለት። "ዳማ፣ ዳማዬ፣ ቁም" አልኩት። ቆርቆሮው በእሱ ግንባርና በእኔ ደረት መካከል ተጣበቀ። ዳማ ቆመ። ሞላ ከኋላ ጎማውን ድንጋይ አስደገፈ። እሱም አልሸሸም። ይህንን ጻፊለት።

ቄስ አድማሱ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ልጆቹ ሲሮጡ አየሁ። ጅራፉ ዝም አለ።

ስድስት ሰዓት ላይ ደረስን። የፊቱን ምልክት ከአንገቴ አውርጄ ታንኩ ፊት ለፊት፣ በቦታው ሰቀልኩት። አራት። ዞሬ ቆጠርኩ። ደግሜ ዞርኩ።

ማታ ችቦው በሜዳው በራ፣ በቦታው። ሆያ ሆዬ ተጨፈረ። እኔ አልወረድኩም። ከአፋፉ ላይ ሆኜ፣ አንድ ዓይኔን እሳቱ ላይ፣ አንድ ዓይኔን ታንኩ ላይ አድርጌ አየሁ። ብርቄ ሙልሙል ዳቦ አመጣችልኝ። አብረን በላን።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 13

ደረጀ ደወለ። ምልክቶቹን ያውርዱ፣ ዛሬ ወይም ነገ ከቀበሌ ሰዎች ጋር እመጣለሁ፣ ሳይመጡ ይውረድ አለኝ።

"ና። እነሱም ይምጡ። እነሱ ባሉበት ራስህ አውርደው" አልኩት።

ከሥራ አስወጣኝ፣ አላስወጣኝ ግልጽ አላለም። ካፖርቱ አሁንም መደቡ ላይ ነው፤ ሞላ ለምን አይለብሱትም ይለኛል። ጌታሁንን ብርቄ በስልክ አፈላልጋ አገኘችው፤ የመዝጊያውን እጀታ ይዤ ዓርብ እመጣለሁ ብሏል። ቢመጣ ነው። ሰው ይላል።

እኔ ዛሬም አፋፉ ላይ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ከሰዓት በኋላ ከሐሙሲት በኩል የምትመጣ አንዲት ሴት በአቋራጩ መጣች፣ የማገዶ ሸክም በጀርባዋ። የማላውቃት ናት፣ እሷም እኔን አታውቀኝም። ከታንኩ ሠላሳ እርምጃ ሲቀራት ቆመች። ቀዩን አየች። ሸክሟን ሳታወርድ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ደግማ አየች።

"አባቴ፣ በዚህ ማለፍ ይቻላል?"

"ምን ይላል?" አልኳት፣ ወደ ቆርቆሮው እያመለከትኩ።

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ፊደል አልቆጠርኩ። እሳት ነው መሰለኝ።"

"በላይ በኩል እለፊ" አልኳት። "በላይ።"

በላይ በኩል አለፈች። ዞራ እስክትጠፋ አየኋት።

ደረጀ እስካሁን አልመጣም።